ዜሮን መጠበቅ

ዝማም መጣች ሐሙስ፣ ምድጃዋን አዝላ፣
እንደታመመ ልጅ በጋቢ ጠቅልላ።
«ትናንት ማታ ሞተ፣ ሽሮ እየበሰለ፤
ጧ አለና ጠፋ፣ ቆጣሪውን ጣለ።
ከሰል ስንት ገባ? አንተው ታውቀዋለህ፤
ነገ ዓርብ ጾም ነው፣ ዛሬ ትሠራለህ።»

አራዳ ነው ሱቄ፣ ለሁለት ሰው ጠባብ፣
ግራ ቀኙ ሁሉ የአሮጌ ቦርድ ካብ።
ብሎኑን ፈትቼ መስታወቱን ባነሳ፣
ከፀጉር የቀጠነ መዳብ፣ እንደ ሹሩባ ተገምዶ፣
ክብ ሠርቶ ተኝቷል፣ እንደ እባብ ጓዳ ለምዶ።

«እሳቱ የታለ?» አለኝ ሰጠኝ፣ ዓይኑን ተክሎ፣
ገና ወር ያልሞላው፣ ከአዘዞ የመጣ፣ ሥራ ልማር ብሎ።

«እሳት የለም፤ ጥድፊያ ነው።
ከግድግዳው የሚመጣውን፣ ወዲያ ወዲህ ባዩን፣
ይህ ድልድይ አቅንቶ ባንድ አቅጣጫ ይነዳዋል፤
ይኼ ባለ ሦስት እግር
በሰከንድ ሃያ አምስት ሺህ ጊዜ ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል፤
ጆሮህ አይደርስበትም፤ የሌሊት ወፍ ትሰማዋለች።
መዳቡ ድስቱን አይነካም።
ድስቱ ግን፣ በገዛ ብረቱ ውስጥ፣
ቀሃ በሐምሌ ከድልድዩ ሥር እንደሚሽከረከር፣
ጅረት ይነሳበታል፤
ራሱን በራሱ ያነዳል።»

መለኪያዬን ባስጠጋ ጮኸ ሳያቋርጥ፤
ሦስቱም እግር ተጣብቋል፣ ቀልጦ ከሆዱ ውስጥ።
«ቀይረው» አልኩና ሻይ ልጠጣ ወጣሁ፤
ሳልጨርስ ጧ! ሲል እየሮጥኩ መጣሁ።
ስድስት መቶ ብር፣ በአንዲት ብልጭታ!
ጮኽኩበት። ልብስ ሰፊው መኪናውን አቆመ፤
ዝማምም ዝም አለች ለአፍታ።
አምፖል በመሃል አስገብቶ መሞከርን
መቼ አስተማርኩትና?

ልጁ መልስ አልሰጠም። ቦርዱን አገላብጦ፣
ቢጫ ካፓሲተር ነቀለ፣ ብየዳውን አቅልጦ።
«ጀርባዋ ዜሮ ነጥብ ሦስት ይላል» አለ፣ ቀስ ብሎ፤
«መለኪያው ግን ዜሮ ነጥብ ሁለት።»

ያኔ ገባኝ።
የመዳቡን ጉልበት ተቀብላ የምትይዝ እሷ ነበረች፤
በሙቀት፣ በዓመታት፣ ችሎታዋ ሲያልቅ፣
ያው ጉልበት በጠባብ ዕቃ ሽቅብ ይነሳል።
ሺህ ሁለት መቶ ቮልት ድረስ ነው የባለ ሦስት እግሩ ትዕግሥት፤
ከዚያ ካለፈ፣ ጧ።
ሟቹን ስንወቅስ ነበር፤
መቻል ያቃታት ጎረቤቱ ናት።

ሌላም አለ፣ ያላስተማርኩት፦
ማዕበሉ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ዜሮ እስኪነካ
ባለ ሦስት እግሩ በሩን አይከፍትም፤ ይጠብቃል።
ከፍታው ላይ የከፈተ ይቃጠላል።
ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው።
ሁሌ ከፍታው ላይ እከፍታለሁ።

አዲስ ካፓሲተር፣ አዲስ ትራንዚስተር፤ አምፖሉ በመሃል፤
ቦግ ብሎ ደብዘዝ አለ። «እሰይ» አልኩ፣ «ተርፏል።»
ዝማም ድስቷን ጣደች።
ሰጠኝ ከሥሩ የወደቀበትን የሎተሪ ወረቀት አነጠፈ፤
ውኃው ፈላ፣
ወረቀቱ አልነደደም።

«ስንት ላምጣ?»
«ስድስት መቶ።» የአንዱን ዋጋ ብቻ።
ሰጠኝ ቀና ብሎ አየኝ፤ ምንም አላለም።
ምድጃዋን አዝላ ወደ አውቶቡስ ተራ ወረደች።

እኔና ልጁ ቀረን።
አፌን ልከፍት ስል
ትከሻው ገና እንደተወጠረ አየሁ፤
አሮጌዋን ካፓሲተር ኪሴ ከትቼ
ብሎን መልቀም ጀመርኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።
የልብስ ሰፊው መኪና ቆመ፤
የጠጅ ቤቱ ራዲዮ ቆመ፤
አራዳ ከዳር እዳር ዜሮ ሆነ።

«ሰጠኝ» አልኩት፣ በጨለማው።